የግሪክ ትራጄዲ አነባበብ፦ ከ«አንቲጎኔ» የሚጀምር መመሪያ

የጥንት ግሪኮችን ትራጄዲ የሚያነብ ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ጥያቄ ይዞ ይገባል። «የዋናው ገፀ ባህርይ ጉድለት ምንድን ነው?» ይላል። ክሬዮን ግትር ነው። ኤዲፐስ ቁጡ ነው። ሜዲያ ቀናተኛ ናት። መልሱ በአንድ ቃል ተገኘ፣ መጽሐፉ ተከደነ። ለፈተና ይሠራ ይሆናል። ተውኔቱን ግን ያደርቀዋል። ግትር ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ሞልቷል፤ ስለ እሱ 2,400 ዓመት ሙሉ የሚነበብ ነገር ማንም አልጻፈም።

እዚህ የማሳያችሁ መንገድ ሌላ ነው። ሰዎቹ ምን ዓይነት እንደሆኑ መጠየቁን ለጊዜው እንተወዋለን። ማን ምን ወሰነ? ሲወስን ምን ያውቅ ነበር? ማን «ተው» አለው? መመለስ የሚቻልበት ሰዓት መቼ አለፈ? እነዚህን እየጠየቅን እናነባለን። ማሳያችን በአብዛኛው የአቴንሱ ጸሐፌ ተውኔት የሶፎክልስ «አንቲጎኔ» ናት። አጭር ናት፣ ታሪኳ ግልጽ ነው፣ ከእኛ አንባቢም ብዙ አትርቅም።

ከመጀመራችሁ በፊት

የመስመር ቁጥር ያለው ትርጉም ፈልጉ። የገጽ ቁጥር ከሕትመት ሕትመት ይለያያል፤ የመስመር ቁጥር ግን በየትኛውም ትርጉም ይቀራረባል። በእንግሊዝኛ የምታነቡ ከሆነ ሁለት ትርጉም ይኑራችሁ። አንዱ ያልገባችሁን ሌላው ያፍታታዋል። ሁለቱ በጣም የተለያዩበት ቦታ ላይ ደግሞ ምልክት አድርጉ፤ ግሪክኛው ራሱ የሚያከራክር ቦታ ሊሆን ይችላል። የቆዩ ትርጉሞች ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ።

መቅድሙን አታንብቡ። ማለቴ፣ መጨረሻ ላይ አንብቡት። አዋቂ ሰው የጻፈው መቅድም ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ቀድማችሁ ካነበባችሁት በእሱ ዓይን ታያላችሁ።

«አንቲጎኔ» ከ1,300 መስመር ትንሽ ትበልጣለች። በአንድ ቁጭታ ታልቃለች። ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ደግሞ በጣም ይረዳል፤ የተጻፈው ለጆሮ ነውና።

1. ታሪኩን አስቀድማችሁ እወቁ

«መጨረሻውን አትንገሩኝ» የሚባለው እዚህ አይሠራም። የአቴንስ ተመልካች መጨረሻውን ያውቅ ነበር። ኤዲፐስ አባቱን ገድሎ እናቱን እንዳገባ የማያውቅ ሰው ቲያትሩ ውስጥ አልነበረም ማለት ይቻላል። የሚጠብቀው «ምን ይሆናል?» ብሎ አልነበረም። «እዚያ እንዴት ይደርሳል?» ብሎ ነው። ኤዲፐስ የንጉሥ ላይዮስን፣ ማለትም የገዛ አባቱን፣ ገዳይ በአደባባይ ሲረግም፣ ተመልካቹ ሰውየው ራሱን እየረገመ መሆኑን ያውቃል። ያንን የማያውቅ አንባቢ የተውኔቱን ግማሽ ያጣዋል።

ስለዚህ «አንቲጎኔ»ን ከመክፈታችሁ በፊት ይህን ያዙ። ኤዲፐስ ከገዛ እናቱ አራት ልጆች ወለደ፤ አንቲጎኔ፣ ኢስሜኔ፣ ኢቴኦክልስና ፖሊኔይኬስ። ወንድማማቾቹ በቴብስ ዙፋን ተጣሉ። ፖሊኔይኬስ የአርጎስን ጦር አስከትሎ የገዛ ከተማውን ወጋ። በሩ ላይ ተገናኙና ተገዳደሉ። አጎታቸው ክሬዮን ነገሠ፤ ኢቴኦክልስ በክብር እንዲቀበር፣ ፖሊኔይኬስ ግን ለውሻና ለአሞራ እንዲጣል አዘዘ። የቀበረው ሰው በድንጋይ ተወግሮ ይሞታል ተባለ። ተውኔቱ ሲከፈት ጦርነቱ አልቋል፣ ሊነጋ ነው፣ ሁለቱ እህትማማቾች ከቤተ መንግሥቱ ደጅ ቆመው ያወራሉ።

2. የት፣ ለማን እንደታየ አስቡ

ይህን ደረጃ ላስረዝመው አልፈልግም፤ ግን ሦስት አራት ነገር ካላወቃችሁ ተውኔቱ ግራ ያጋባል።

ትራጄዲ በአቴንስ የሚታየው በዋናነት በወይን አምላክ በዲዮኒሰስ በዓል ነበር። ጊዜው የጸደይ መግቢያ፣ ቦታው ከአክሮፖሊስ በስተደቡብ ያለው ተዳፋት፣ ከሰማይ በታች፣ በጠራራ ፀሐይ። ሦስት ጸሐፌ ተውኔት ይወዳደራሉ፤ እያንዳንዱ ሦስት ትራጄዲና አንድ የሳቅ ተውኔት ያቀርባል። ዳኛ አለ፣ ሽልማት አለ። ዛሬ እንደ ዕንቁ የምናየው የዩሪፒደስ «ሜዲያ» በ431 ቅ.ል.ክ. ሦስተኛ ወጣ፤ ከሦስት ማለት ነው።

ተናጋሪ ተዋንያኑ ሦስት ብቻ ናቸው፣ ሁሉም ወንዶች፣ ሁሉም ጭንብል ያጠለቁ። አንዱ ተዋናይ በአንድ ተውኔት ውስጥ ንግሥትም ወታደርም ይሆናል። ፊት ስለማይታይ ስሜት ሁሉ በቃል ይነገራል። «እንዲህ ያለ ረጅም ንግግር ለምን?» ካላችሁ መልሱ በከፊል እዚህ አለ። ግድያም ብዙውን ጊዜ ከመድረክ ውጭ ይፈጸማል፤ መልእክተኛ መጥቶ ይተርከዋል።

አንድ ነገር ግን በደንብ ያዙልኝ። ተውኔቶቹ ከመጀመራቸው በፊት፣ አባቶቻቸው በጦርነት የሞቱባቸውና ከተማዋ ያሳደገቻቸው ወጣቶች የጦር ትጥቅ ለብሰው በዚያው ቲያትር በሕዝብ ፊት ያልፉ ነበር። ከተማዋ ጉልበቷን አሳየች። ከዚያ ቁጭ ብላ የከተማ ገዢ ሲፈርስ ተመለከተች። «አንቲጎኔ»ን፣ ለከተማ የሞተና ከተማን የወጋ ሰው ጥያቄን፣ በዚያ ዓይን አንብቧት።

3. የውሳኔ ሰንጠረዥ ሥሩ

የመመሪያው ልብ ይህ ነው። አንድ ወረቀት ወስዳችሁ አራት ቦታ ክፈሉ፦ ማን ወሰነ፣ ምን ወሰነ፣ ማን አስጠነቀቀው፣ ከዚያ በኋላ ምን ተለወጠ። እያነበባችሁ ሙሉት። የመስመር ቁጥሩን አትርሱ።

የክሬዮንን ረድፍ አብረን እንሙላ።

መጀመሪያ አዋጁ አለ። ቀጥሎ የሬሳው ጠባቂ እየፈራ፣ እየተንተባተበ ይመጣና አንድ ሰው አስከሬኑ ላይ አፈር እንደበተነ ይናገራል። የከተማው ሽማግሌዎች «ምናልባት የአማልክት ሥራ ቢሆንስ?» ይላሉ። ክሬዮን ይቆጣል፤ ጉቦ የተበላበት ሴራ ነው ይላል። የመጀመሪያዋ ማስጠንቀቂያ እዚህ አለፈች።

አንቲጎኔ ተይዛ ትመጣለች። ሥራዋን አትክድም። ክሬዮን ኢስሜኔንም ይጨምርና ሁለቱም ይሞታሉ ይላል። ከዚያ ልጁ ሄሞን ይመጣል፤ የአንቲጎኔ እጮኛ ነው።

ይህን ትዕይንት ሁለት ጊዜ አንብቡት። ሄሞን ሲጀምር እጅግ ትሑት ነው። «አባቴ፣ የአንተ ነኝ» ይላል። ቀስ ብሎ፣ ሕዝቡ በጨለማ ስለ ልጅቷ እያዘነ እንደሚያንሾካሹክ ይነግረዋል። በጎርፍ ጊዜ የሚጎብጥ ዛፍ ቅርንጫፉን ያተርፋል፣ የሚገትር ከነሥሩ ይነቀላል ይላል። ክሬዮን አይሰማም። ንግግሩ እያጠረ፣ እየፈጠነ፣ አንድ አንድ መስመር እየተቀባበሉ ይሄዳሉ። ሐሳቡን በእኔ አማርኛ ላስቀምጠው፦

— የአንድ ሰው የሆነ ከተማ፣ ከተማ አይባልም።
— ከተማ የገዢዋ አይደለችም?
— ባዶ ምድር ላይ ብቻህን ብትሆን ጥሩ ትገዛ ነበር።

ልጁ በቁጣ ይወጣል። እዚህ ብዙ አንባቢ «አየህ፣ ግትር ነው» ብሎ ያልፋል። እናንተ ግን ቀጥሎ ያሉትን ጥቂት መስመሮች ተመልከቱ። ሽማግሌዎቹ «ሁለቱንም ልትገድል ነው?» ይሉታል። «እጇ የሌለበትን አይደለም፣ ልክ ብላችኋል» ይልና ኢስሜኔን ይለቃታል። ወዲያው የቅጣቱን ዓይነትም ይለውጣል። በሕዝብ ፊት መወገር የነበረው፣ ሰው በማይደርስበት ዋሻ ውስጥ በሕይወቷ መዘጋት ይሆናል። ትንሽ ምግብም ይገባላታል፤ ከተማዋ በሞቷ እንዳትረክስ።

እንግዲህ ሰንጠረዡን እዩት። ግትር ያልነው ሰውዬ በደቂቃዎች ውስጥ ሁለት ጊዜ ሐሳቡን ቀየረ። የሄሞን ንግግር ሠርቷል ማለት ነው፤ የሠራው ግን በተሳሳተ ቦታ ነው። ክሬዮን እልቂቱን ይቀንሳል፣ ዋናውን ነገር ግን አይነካም። በተቃራኒው አንቲጎኔን ፈልጉ፤ በእሷ ረድፍ አንድም የተለወጠ ውሳኔ አታገኙም። ግትርነት ያጠፋል ካልን ማንን ነው የምንወቅሰው? «የዋናው ገፀ ባህርይ ጉድለት» የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ይሰበራል።

አሁን የመጨረሻው። ዓይነ ስውሩ ነቢይ ቲሬሲያስ ይመጣል። ውሾችና አሞሮች ከሬሳው ሥጋ እየነጠቁ መሠዊያዎቹን አረከሱ፣ አማልክት መሥዋዕት አልቀበልም አሉ ይላል። ክሬዮን ይሰድበዋል። ነቢዩ «ከአብራክህ የወጣ አንድ ሬሳ በምትኩ ትሰጣለህ» ብሎ ይሄዳል። ክሬዮን ይደነግጣል። ሽማግሌዎቹን «ምን ላድርግ? ንገሩኝ፣ እታዘዛለሁ» ይላል። እነሱም ቅደም ተከተሉን ጭምር ይነግሩታል፦ ሂድና ልጅቷን ከዋሻው አውጣት፤ ሜዳ ለተጣለውም መቃብር ሥራ።

ክሬዮን ይሮጣል። ከዚያ መልእክተኛው መጥቶ የተደረገውን ሲተርክ ጣታችሁን እየጠቆማችሁ አንብቡ። መጀመሪያ የሄዱት ወደ ሜዳው ነው። ውሾች የበታተኑትን የፖሊኔይኬስን አካል አጠቡ። ትኩስ ቅርንጫፍ ቆርጠው አቃጠሉት። ከአገሩ አፈር ከፍ ያለ ጉብታ ሠሩለት። ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ዋሻው ዞሩ። እሷ ራሷን ሰቅላለች። ሄሞን ሬሳዋን አቅፎ ያለቅሳል፤ አባቱን ሲያይ ፊቱ ላይ ይተፋበታል፣ ሰይፍ መዞ ሊመታው ይሞክርና ይስታል፣ ሰይፉን በራሱ ጎን ይሰካል።

ሽማግሌዎቹ ልጅቷን አስቀድም አሉት፤ እሱ ሬሳውን አስቀደመ። ተውኔቱ ውስጥ ማንም ቆሞ «ለምን?» አይልም። ጥያቄው ለእኛ ቀርቷል። ምናልባት ነቢዩ የነገረው ስለ መርከስ ስለነበር ክሬዮን የአማልክትን ቁጣ ማብረድ ቀደመበት። ምናልባት አሁንም ነገሩን እንደ መንግሥት ጉዳይ እንጂ እንደ አንዲት ልጅ ሕይወት አላየውም። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ለሕያዋን የነፈገውን ጥንቃቄ ለሙታን ሲሰጥ እዚህ ሁለተኛ ጊዜው ነው። ሌላ ሰው «ተውኔቱ ሰዓት እንዲያልፍ ስለፈለገ ብቻ ነው» ሊል ይችላል፤ መብቱ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለው ግን የማያከራክር ነው።

4. ለእያንዳንዱ ወገን ጠበቃ ቁሙ

በዚህ ደረጃ የማትወዱትን ሰው ምረጡና ተከራከሩለት። ለክሬዮን እንሞክር። ከተማዋ ትናንት ማታ ከመጥፋት ተርፋለች። የወጋት የገዛ ልጇ ነው። አዲሱ ገዢ «ከአገሩ ይልቅ ወዳጁን የሚያስበልጥ ሰው ዋጋ የለውም» ይላል። ተመልካቹ ለዚህ ራሱን አይነቀንቅም ነበር ማለት አይቻልም። አቴንስ ራሷ ከሃዲን በአቲካ አፈር ማስቀበር ትከለክል ነበር። አንደበተ ርቱዑ የአቴንስ ተናጋሪ ዴሞስቴንስ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ይህንኑ የክሬዮንን ንግግር በክርክሩ ላይ በአድናቆት ጠቅሶታል። የክሬዮን ትርፍ እርምጃ ሬሳውን ከድንበር ውጭ እንኳ ዘመድ እንዲቀብረው አለመፍቀዱ ነው።

ለአንቲጎኔ መቆም ቀላል ይመስላል። ያልተጻፈው የአማልክት ሕግ ከሰው አዋጅ ይበልጣል የሚለው ንግግሯ ዝነኛ ነው። ግን ሙሉውን ሰው ውሰዱ። ኢስሜኔ አብሬሽ ልሙት ስትላት ምን ያህል በቅዝቃዜ እንደምትገፋት አንብቡ። ደግሞ 905ኛው መስመር አካባቢ ቁሙ። ወደ ሞት ስትሄድ «ለባል ወይም ለልጅ ቢሆን ይህን አላደርገውም ነበር» ትላለች። ባል ሌላ ይገኛል፣ ልጅም ሌላ ይወለዳል፤ እናትና አባት ከሞቱ በኋላ ግን ወንድም አይገኝም። ጀርመናዊው ባለቅኔ ጎተ ይህ ንግግር በጣም ስላልተመቸው፣ አንድ ምሁር ተነስቶ «የሶፎክልስ አይደለም» ብሎ ቢያረጋግጥልኝ ብሎ ተመኝቷል። አሪስቶትል ግን ጠቅሶታል፤ ስለዚህ ጥንታዊ ነው።

ከዚህ የምትወስዱት ልምድ ይኸው ነው፦ ከትርጓሜያችሁ ጋር የማይሄድ መስመር ስታገኙ አትዝለሉት። አክብቡት። አብዛኛውን ጊዜ ተውኔቱ የሚከፈተው እዚያ ነው።

5. ኮረሱን አትዝለሉ

ኮረስ ማለት በትዕይንቶቹ መካከል በኅብረት የሚዘምረውና ከተዋንያኑ ጋር የሚነጋገረው ቡድን ነው። አውቃለሁ፣ ትዘሉታላችሁ። ሁሉም ይዘለዋል። በግጥም ተጽፏል፣ የማናውቃቸው አማልክት ስም ይበዛበታል፣ ታሪኩን የሚያቆመው ይመስላል።

ሦስት ጥያቄ ብቻ ያዙ። እነማን ናቸው? ምን ይፈራሉ? መቼ ሐሳባቸውን ለወጡ? በ«አንቲጎኔ» የቴብስ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ንጉሡን የሚፈሩ፣ ጥቅማቸው ከእሱ ጋር የታሰረ። በ«ሜዲያ» የቆሮንቶስ ሴቶች ናቸው፤ ምስጢሯን ሰምተው ዝም ለማለት ቃል የገቡ። የኮረስን ቃል እንደ ደራሲው ድምፅ አትቁጠሩት። እንደ ማንኛውም ሰው ይሳሳታል፣ ያደላል፣ ይፈራል።

ቦታውንም ልብ በሉ። «ብዙ ድንቅና አስፈሪ ነገር አለ፣ እንደ ሰው ያለ ግን የለም» የሚለው የታወቀ መዝሙር ሰው ባሕር እንደሚሻገር፣ ምድርን እንደሚያርስ፣ ፈረስ እንደሚገራ፣ ቋንቋንና ከተማን እንደፈጠረ፣ ከሞት ብቻ ማምለጫ እንዳጣ ይዘረዝራል። ለብቻው ተነጥሎ ሲጠቀስ የሰው ልጅ ውዳሴ ይመስላል። በቦታው ሲነበብ ግን አንድ ሰው ሕግ ጥሶ ሬሳ መቅበሩ ከተሰማ በኋላ ይመጣል፤ መዝሙሩ እንዳለቀም ጠባቂው አንዲት ወጣት ይዞ ይገባል። ድንቁ ማን ነው? አስፈሪውስ?

አንድ ነገር ላይ ደግሞ የእኛ አንባቢ ከብዙዎች ይቀድማል። አንቲጎኔ ወደ ዋሻው ስትወሰድ ከኮረሱ ጋር እየተቀባበለች ታለቅሳለች። ሳላገባ፣ ሳልወልድ፣ የሠርግ ዘፈን ሳይዘፈንልኝ የሞት ወንዝን ላገባ ነው ትላለች። ሙሾ ነው። አልቃሽ ግጥም ስታወርድ፣ ለቀስተኛው ሲቀበል የሰማ ሰው የዚህን ቦታ አሠራር በጆሮው ያውቀዋል። ልዩነቱ ሟቿና አልቃሿ አንድ ሰው መሆናቸው ነው። ለራሷ የምታወርደው፣ ከሞተች በኋላ የሚያለቅስላት እንደሌለ ስለምታምን ነው። ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፤ ሽማግሌዎቹ የሚመልሱላትንም አዳምጡ። ያጽናኗታል ወይስ ይወቅሷታል? አንዴ ያደንቃሉ፣ አንዴ «ድፍረትሽ ነው፣ የአባትሽንም ዕዳ ትከፍያለሽ» ይላሉ። በለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሲነገር ምን እንደሚሰማ ታውቃላችሁ።

ዝምታንም መዝግቡ። የሄሞን እናት ኤውሪዲኬ የልጇን ሞት ከመልእክተኛው ትሰማለች። አንዲት ቃል ሳትናገር ወደ ውስጥ ትገባለች። ሽማግሌዎቹ ይህ ዝምታ ያስፈራል ይላሉ። ልክ ናቸው። በሶፎክልስ ሴት በዝምታ ከወጣች በሕይወት አትመለስም ማለት ይቻላል፤ የኤዲፐስን እናትና ሚስት ዮካስታን፣ የሄራክልስንም ሚስት ዴያኔራን ስታነቡ ታዩታላችሁ።

6. «ዕጣ ፈንታው ነው» ብላችሁ አትዝጉት

እዚህ ወደ ኤዲፐስ እንሻገር። ትንቢቱ አባቱን እንደሚገድል፣ እናቱን እንደሚያገባ ተናገረ። እውነት ነው። ግን የሶፎክልስ ተውኔት የሚያሳየን ግድያውንና ጋብቻውን አይደለም፤ እነሱ ድሮ ተፈጽመዋል። የሚያሳየን ምርመራውን ነው። መርምር ብሎ ያዘዘው ትንቢት የላይዮስን ገዳይ ስለማግኘት ነበር። «የማን ልጅ ነኝ?» የሚለውን ጥያቄ ግን ኤዲፐስ በገዛ ፈቃዱ አስከትሎ ሄደ። ዮካስታ ገብቷት «በአማልክት ይሁንብህ፣ ተው» ብላ ለመነችው። ምስጢሩን የሚያውቀው እረኛም ላለመናገር ታገለ። ኤዲፐስ አልተወም። ዓይኑን ካጠፋ በኋላ ሲጠይቁት መልሱ ሁለቱንም ይዟል፦ መከራውን ያመጣው አፖሎ ነው፤ የመታው እጅ ግን የራሴ ነው።

እግዚአብሔር ጻድቅን ይክሳል፣ ኃጥእን ይቀጣል በሚል ትምህርት ያደገ አንባቢ እዚህ ይቸገራል። «ኃጢአቱ ምን ነበር?» ብሎ ይፈልጋል። ለግሪኮቹ ደም ያፈሰሰ እጅ፣ ሳያውቅም ቢሆን፣ ይረክሳል። መርከሱ ከአሳብ ጋር አይያያዝም። ወረርሽኝ ሆኖ ጎረቤትን ይይዛል። ሶፎክልስ በስተርጅናው በጻፈው በ«ኤዲፐስ በኮሎኖስ» ሽማግሌው ኤዲፐስ «ሳላውቅ ያደረግሁት ነው፣ በሕግ ንጹሕ ነኝ» ብሎ ይሟገታል። ሁለቱን ተውኔቶች ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ጥፋትና እርኩሰት ሲለያዩ ታያላችሁ።

7. ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ዛሬ አምጡት

ጭብጥ በአንድ ቃል አትጻፉ። «ሥልጣን»፣ «ፍትሕ»፣ «ቤተሰብ» ማለት ምንም አለማለት ነው። ጥያቄ አድርጉት። «ገዢ በሟች ሰው ላይ እስከ የት ድረስ ሥልጣን አለው?» ይህ የ«አንቲጎኔ» ጥያቄ ነው፤ ከተውኔቱ ውስጥ ማስረጃ ይገኝለታል፣ ከውጭም መልስ የሚሹ ሰዎች አሉት።

ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ አስከሬን በየመንገዱ ሲጣል፣ ቤተሰብ እንዳያለቅስ ሲከለከል የኖረ ትውልድ አለ። ያንን ያየች እናት የአንቲጎኔን የመጀመሪያ ትዕይንት ማብራሪያ ሳትፈልግ ትረዳዋለች። በሮበን ደሴት የታሰሩ የደቡብ አፍሪካ ፖለቲከኞችም ተውኔቷን እስር ቤት ውስጥ ሠርተዋታል። ኔልሰን ማንዴላ የተጫወቱት አንቲጎኔን ሳይሆን ክሬዮንን ነበር። እስረኛ የገዢውን ቃል ሲናገር አስቡት። አራተኛው ደረጃ ላይ «ለማትወዱት ጠበቃ ቁሙ» ያልኩት ለዚህም ጭምር ነው።

ግን አትቸኩሉ። ዘመንና ተውኔት ሲገጣጠሙ ያታልላሉ። በ416 ቅ.ል.ክ. አቴንሳውያን የሜሎስን ደሴት ከበቡ፣ ወንዶቹን ገደሉ፣ ሴቶችና ሕፃናትን ለባርነት ሸጡ። በቀጣዩ ጸደይ፣ በ415፣ ዩሪፒደስ «የትሮይ ሴቶች»ን አሳየ፤ ከተማቸው የተቃጠለባቸው፣ ባሎቻቸው የታረዱባቸው ሴቶች ለግዞት ሲከፋፈሉ። የተጻፈው ስለ ሜሎስ ነው ለማለት ያጓጓል። ይሁንና ተውኔት ተጽፎ፣ ኮረስ ተመድቦ፣ ልምምድ ተደርጎ ለመድረክ ለመብቃት ጊዜ ይወስዳል። የሚያስተማምነው አባባል፣ የተመለከቱት ሰዎች ሜሎስን የፈጸሙት ራሳቸው ነበሩ የሚለው ነው። እሱ ይበቃል።

ገጣሚዎቹ የቅርብ ቁስል መንካት ምን እንደሚያስከትልም ያውቁ ነበር። ፍሪኒኮስ የሚባል ጸሐፌ ተውኔት የወዳጅ ከተማ የሚሊጦስን መውደቅ መድረክ ላይ አቀረበ። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ እንደሚተርከው ቲያትሩ በለቅሶ ተናወጠ፤ ደራሲው 1,000 ድራክማ ተቀጣ፣ ተውኔቱም ታገደ። አብዛኞቹ ትራጄዲዎች ከጥንት አፈ ታሪክ የሚነሱት ለምን እንደሆነ በከፊል ያስረዳል። ኤስኪለስ በ472 ያሳየው «ፋርሳውያን» የቅርብ ታሪክ ነው፤ ግን ከሳላሚስ ድል ስምንት ዓመት በኋላ፣ ኀዘኑን በጠላት ቤተ መንግሥት አድርጎ። ራሱ በማራቶን ፋርሶችን የተዋጋ ሰው ነው።

8. ጻፉት፣ ወይም ተነባበቡት

ትርጓሜያችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ። የሚደግፉ ሦስት ቦታዎችን ከነመስመር ቁጥራቸው ጥቀሱ። ከዚያ የሚቃወም አንድ ቦታ ፈልጋችሁ መልስ ስጡት። የሚቃወም ካጣችሁ ዓረፍተ ነገሩ በጣም ሰፊ ነው ማለት ነው፤ አጥብቡት። አሪስቶትልን ለመጥቀስ አትጣደፉ። ትልቅ ሰው ነው፣ ግን የተወለደው ሶፎክልስ ከሞተ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ የጻፈውም እንደ ሕግ መጽሐፍ ሳይሆን እንደ አንድ ስለታም ተመልካች አስተያየት ይወሰድ።

ሰው ከተገኘ ደግሞ የተሻለ መንገድ አለ። አራት አምስት ሆናችሁ ቃለ ተውኔቱን ተከፋፍላችሁ አንብቡ። የክሬዮንን ክፍል ለአንቲጎኔ ደጋፊ ስጡት። ኮረሱን ሁላችሁም አንድ ላይ። ቡናው ሲፈላ ሰንጠረዡን አውጡና «ልጅቷን ወይስ ሬሳውን?» በሉ። ክርክሩ ሦስተኛውን ስኒ ያልፋል።

ቀጥሎ ምን እናንብብ ለምትሉ፦ «ኤዲፐስ ንጉሥ»ን፣ ከዚያ «ሜዲያ»ን። ትራጄዲ ሁሉ በሬሳ ክምር ያልቃል ብላችሁ ካሰባችሁ የሶፎክልስን «ፊሎክቴቴስ» ሞክሩ፤ ማንም አይሞትም፣ ጥያቄው አንድ ወጣት በውሸት የወሰደውን ቀስት ይመልስ ወይስ አይመልስ የሚል ነው። የኤስኪለስን «ኦሬስቴያ» ለረጅም ዕረፍት አቆዩት። ሦስት ተውኔቶች ናቸው፣ ተከታትለው መነበብ አለባቸው፤ በደም ብድር ይጀምሩና በችሎት ይጨርሳሉ። የዳኞቹ ድምፅ እኩል ሲሆን እንስት አምላኳ አቴና የምትሰጠውን ምክንያት በጥንቃቄ አንብቡት፤ ሰንጠረዡን እንደገና ታወጡታላችሁ።